ቆጣሪው ጭነት አይመዝንም፦ «የነዳጅ ክፍያ ይቅር» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ ዘግይቶ የደረሰኝ አንድ ጽሑፍ፣ በየሊትሩ ነዳጅ ላይ የሚሰበሰበው የመንገድ ጥገና ክፍያ ሙሉ በሙሉ ቀርቶ በምትኩ እያንዳንዱ ተሽከርካሪ በተጓዘው ኪሎ ሜትር ልክ እንዲከፍል ይጠይቃል። ጸሐፊው ለዚህ አምስት ምክንያት ያቀርባሉ። የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ስለሆነ ከነዳጅ የሚገኘው ገንዘብ ይደርቃል ይላሉ፤ ሌሎች አገሮች የነዳጅ ክፍያን ትተው ወደ ኪሎ ሜትር ተሻግረዋል ይላሉ፤ በኪሎ ሜትር መክፈል ለሁሉም ፍትሐዊ ነው ይላሉ፤ ቴክኖሎጂው በእጃችን ስላለ አሰባሰቡ ቀላል ነው ይላሉ፤ በመጨረሻም ሰው የሚከፍለውን በዓይኑ ሲያይ ስለ መንገዱ መጠየቅ ይጀምራል ይላሉ። ጽሑፉ በጨዋነት የተጻፈና የታሰበበት ነው። የመጀመሪያውን ነጥብ በግማሽ፣ የመጨረሻውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ መካከል ላይ ያሉት ሦስቱ ግን፣ በተለይም ስለ ፍትሐዊነት የተባለው፣ መንገድ በምን እንደሚበላሽ ሳይጠየቅ የተጻፉ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

ከየት ሆኜ እንደምናገር አስቀድሜ ልግለጽ። መኖሪያዬ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ በአንድ የጭነት ማመላለሻ ማኅበር ሒሳብ ክፍል ውስጥ ዓመታት አስቆጥሬያለሁ። ጠዋት በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወርጄ ማታ መልሼ እወጣለሁ። ስለዚህ የናፍጣ ደረሰኝ በየቀኑ በእጄ ያልፋል፤ ናፍጣው የሚወጣበትን ዳገትም ጧትና ማታ በመስኮት አየዋለሁ።

የመጀመሪያው ነጥብ የኤሌክትሪክ መኪናን የሚመለከት ነው። የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ከተቋቋመ ጀምሮ ዋና ገቢው በነዳጅ ላይ ከተጣለው ክፍያ የሚመጣ መሆኑ እውነት ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ቤት እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ማስታወቁ፣ የኤሌክትሪክ መኪናም ተገጣጥሞ ሲገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ሲገባ 5 በመቶ፣ ተበትኖ ሲገባ ደግሞ ያለ ጉምሩክ ቀረጥ እንዲገባ መደረጉም እውነት ነው። ዛሬ ደሴ ፒያሳ ላይ ለግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ድምፅ የሌላቸውን መኪኖች መቁጠር ይችላል፤ እነዚህ መኪኖች ለመንገድ ጥገና በነዳጅ በኩል የሚከፍሉት አንድም ሳንቲም የለም። ጸሐፊው «ይህ ቀዳዳ ነው» ሲሉ ትክክል ናቸው።

ከዚህ ተነሥተው «ስለዚህ የነዳጁ ክፍያ ይቅር» ሲሉ ግን አልከተላቸውም። ክልከላው አዲስ የሚገቡትን የቤት አውቶሞቢሎች የሚመለከት እንጂ በመንገድ ላይ ያሉትን የሚያስወጣ አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ አልፎ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚገባው ተሳቢ፣ ወደ ሐይቅና ወልድያ የሚያልፈው ሲኖትራክ፣ ከየወረዳው እህል የሚያወጣው አይሱዙ ሁሉ ናፍጣ የሚጠጣ ነው፤ ነገም ከነገ ወዲያም ናፍጣ ይጠጣል። የቤት ጣሪያ አንድ ቆርቆሮው ቢያፈስ ቆርቆሮው ይለወጣል እንጂ ጣሪያው በሙሉ አይነሣም። ነዳጅ የማይቀዳው መኪና ካልከፈለ፣ የማይቀዳው የሚከፍልበት መንገድ ይፈለግለት፤ የሚቀዳውን ከሚከፍልበት ማሰናበት ምን ያመጣል?

ሁለተኛው ነጥብ የሌሎች አገሮች ምሳሌ ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ከጠቀሷቸው አገሮች አብዛኞቹ ራሳቸው በጸሐፊው ላይ ይመሰክራሉ። የአሜሪካዋን ኦሪገን ግዛት «የነዳጅ ግብርን የፈጠረችውም፣ የሻረችውም እሷ ናት» በማለት አንሥተዋታል። የመጀመሪያው አጋማሽ ልክ ነው፤ ኦሪገን እ.ኤ.አ. በ1919 በአሜሪካ ቀዳሚውን የግዛት የነዳጅ ግብር ጥላለች። ሁለተኛው አጋማሽ ግን ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረችው የማይል ክፍያ በፈቃደኝነት የሚገባበትና በመነሻው ለ5,000 ተሽከርካሪዎች ብቻ የተከፈተ መርሐ ግብር ሲሆን፣ ተመዝጋቢው በየማይሉ አንድ ሳንቲም ተኩል ይከፍልና በማደያ የከፈለው የነዳጅ ግብር ይታሰብለት ነበር። ማይል ከአንድ ኪሎ ሜትር ከ600 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። የነዳጅ ግብሩ ግን በዚያው ጊዜ ለሌላው ሕዝብ ሁሉ እንደቀጠለ ነበር። «ሻረች» ለማለት የሚያበቃ ነገር የለም።

ኒው ዚላንድ ከኦሪገን ይልቅ ለእኛ ትቀርበናለች ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም እዚያ በኪሎ ሜትር መክፈል አዲስ ነገር ሳይሆን እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ልማድ ነው። አሠራሩ ግን ድርብ ነው። ቤንዚን የሚቀዳ በማደያው ይከፍላል፤ ናፍጣ የሚጠቀም በሺህ በሺህ ኪሎ ሜትር የተመተረ ፈቃድ አስቀድሞ ገዝቶ ወረቀቱን እንደ እኛ ቦሎ በመስታወቱ ላይ ይለጥፋል፤ ለከባድ ተሽከርካሪ ደግሞ ክፍያው በክብደቱና በአክስሉ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማዎቹን በሚያገናኘው ዘንግ፣ ብዛት ይለያያል። የኤሌክትሪክ መኪና ለዓመታት ነጻ ሆኖ ቆይቶ ቁጥሩ ሲያድግ፣ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለየ1,000 ኪሎ ሜትሩ 76 የኒው ዚላንድ ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። የአገሪቱ መንግሥት ወደፊት ሁሉንም ተሽከርካሪ ወደዚህ ለማዛወር ማቀዱን አልክድም፤ ነገር ግን ከአርባ ዓመት በላይ ልምድ ያላት አገር እንኳ ቤንዚኑን ሳትለቅ ቆይታ ቀዳዳውን በኪሎ ሜትር መድፈኗን ልብ ማለት ይገባል። አይስላንድም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የኪሎ ሜትር ክፍያን ስትጀምር ያስጀመረችው በኤሌክትሪክ መኪኖች ነው፤ ክፍያውን ወደ ሌሎቹ አስፍታ የነዳጅ ግብሩን የተወችው እ.ኤ.አ. በ2026 መጀመሪያ ነው። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከባድ መኪኖችን በኪሎ ሜትርና በክብደት ታስከፍላለች፤ የነዳጅ ግብሯን ግን አልተወችም። ጀርመንም እንዲሁ። «ሁሉም ተሻግሯል» ከተባለው ዝርዝር ውስጥ የቀረው እነሆ ይህ ነው፤ ከአይስላንድ በቀር የጨመሩ እንጂ የተኩ አላገኘሁበትም።

እኛም ብንሆን ለርቀት መክፈልን የምናውቀው ከዛሬ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ በተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ሾፌሩ ሲገባ ካርድ ይይዛል፣ ሲወጣ በተጓዘው ርቀትና በተሽከርካሪው ዓይነት ልክ ይከፍላል። ያም ቢሆን ማደያ ላይ ከሚከፍለው ጋር ተደምሮ ነው።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ፣ ወደ ፍትሐዊነቱ፣ ልምጣ፤ የጽሑፉ ልብ ያለው እዚህ ስለሆነ እኔም የምቆይበት እዚህ ነው። ጸሐፊው «በመንገድ ላይ እኩል የሄደ እኩል ይክፈል» ይላሉ። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል። መንገዱ ግን ርቀት ስለተሄደበት ብቻ አይሰበርም፤ የሚሰብሩት ጭነትና ውኃ ናቸው። ውኃውን ለጊዜው እናቆየውና ጭነቱን እንመልከት።

እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ለሙከራ በተሠሩ መንገዶች ላይ የተለያየ ክብደት የጫኑ መኪኖች ሳያቋርጡ እንዲመላለሱ ተደርጎ የአስፋልቱ ጉዳት ተለክቶ ነበር። ከዚያ የተገኘውና የመንገድ መሐንዲሶች እስከ ዛሬ የሚመሩበት ግምት፣ አንድ አክስል በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚያድገው በክብደቱ አራተኛ ርቢ፣ ማለትም የክብደቱ ቁጥር አራት ጊዜ ተጽፎ እርስ በርሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ፣ መሆኑን ያሳያል። የርቢው ልክ እንደ መንገዱ አሠራር ከፍ ዝቅ ይላል፤ መልእክቱ ግን አይለወጥም። ክብደቱ በእጥፍ ሲጨምር ጉዳቱ 16 እጥፍ ይሆናል። አንድ ቶን ገደማ የምትመዝን ትንሽ የቤት መኪና በአንዱ አክስሏ የምታሳርፈው ግማሽ ቶን ነው እንበል፤ የተጫነ ተሳቢ በአንዱ አክስሉ 10 ቶን ያሳርፋል እንበል። የክብደቱ ልዩነት 20 እጥፍ ሲሆን የጉዳቱ ልዩነት ግን 20 × 20 × 20 × 20 ሆኖ 160,000 እጥፍ ይመጣል። ከተፈቀደው ክብደት 20 በመቶ ትርፍ የጫነ መኪና ደግሞ በዚያች «ትንሽ ትርፍ» ጉዳቱን በእጥፍ ያሳድጋል። ትንሿ መኪና፣ ቪትዝ እንበላት፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ደርሳ ስትመለስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች፤ ተሳቢውም እንዲሁ። በጸሐፊው ሚዛን ሁለቱ እኩል ናቸው።

ነዳጅም ይህን ልዩነት ሙሉ በሙሉ እንደማይይዝ አውቃለሁ፤ ተሳቢው ከትንሿ መኪና ስድስትና ሰባት እጥፍ ነዳጅ ቢያቃጥል ነው እንጂ 160,000 እጥፍ አያቃጥልም። ቢሆንም ነዳጅ ቢያንስ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ይጠቁማል፤ ከባዱ ይበልጥ ይቀዳል፣ ዳገት የሚወጣው ይበልጥ ይቀዳል፣ የተጫነው ከባዶው ይበልጥ ይቀዳል። ኪሎ ሜትር ብቻውን ከነዚህ አንዱንም አያውቅም።

ይህ በእኛ ሒሳብ ክፍል ውስጥ የየቀኑ ሥራ ነው። ለሾፌር የናፍጣ ሒሳብ ስናወጣ የጭነት ጉዞና የባዶ ጉዞ ለየብቻ ይታሰባል። ኮንቴይነር ጭኖ ለሚመጣው የሚሰጠው ሊትር ባዶውን ወደ ጅቡቲ ለሚወርደው አይሰጥም፤ አገራችን የምታስገባው ከምትልከው እጅግ ስለሚበልጥ ብዙው መኪና ሲመለስ ባዶ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ ጭነት ሲሆን ደግሞ ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ ባይሞላ የዳገት ጭማሪ ይታሰባል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በዚህች አጭር መንገድ ላይ የተጫነ መኪና ከ600 ሜትር በላይ ወደ ላይ መሸከም አለበት። በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሐረጎን ሲወጣ ከኋላው ተሰልፈን የምንከተል ሰዎች የሚበላውን ናፍጣ በጭሱ እናውቀዋለን። እንዲያ በዝግታ የሚሄድ ከባድ ጎማ በአስፋልቱ ላይ ለረጅም ጊዜ ስለሚያርፍ፣ ቀኑ ሲሞቅ ሬንጁ ከሥሩ ይገፋል፤ ስለዚህ ነው ተሳቢዎች በሚያዘወትሩት ዳገት የመውጫው መስመር ጎማው በሚሄድበት በኩል እንደ ቦይ እየሰመጠ የመውረጃው መስመር የሚተርፈው። ዝናብ በጣለ ማግስት ውኃው በዚያ ቦይ ውስጥ ተኝቶ ይታያል። አንዱ መንገድ፣ አንዱ ርቀት፣ ሁለት ጉዳት።

የባዶውን ነገር በቁጥር ላሳይ። የተጫነው መኪና ሲመለስ የአክስሉ ክብደት ወደ አንድ ሦስተኛ ቢወርድ፣ በአራተኛው ርቢ ስሌት የሚያደርሰው ጉዳት በ81 እጥፍ ይቀንሳል። ጸሐፊው ምናልባት «ክፍያውን በተሽከርካሪ ዓይነት እንለያየዋለን» ሊሉ ይችላሉ፤ በጽሑፋቸው አንድ ቦታ ላይ ይህን ነካ አድርገውታል። ዓይነቱ ግን ሲሄድም ሲመለስም አንድ ነው። ተሳቢው ብረት ጭኖም ተሳቢ ነው፣ ባዶውንም ተሳቢ ነው።

ወደ ትናንሾቹ ተሽከርካሪዎች ስንወርድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ለስሌት እንዲያመች ብቻ በአንድ ሊትር ላይ አንድ ብር ክፍያ አለ እንበል። በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር የምትበላ ቪትዝ በኪሎ ሜትር 5 ሳንቲም ትከፍላለች፤ 15 ሊትር የሚበላ ላንድክሩዘር 15 ሳንቲም ይከፍላል፤ 10 ሊትር የሚበላ ሚኒባስ 10 ሳንቲም ይከፍላል፤ 3 ሊትር የሚበቃት ባጃጅ 3 ሳንቲም ትከፍላለች። አሁን ይህ ይቅርና ሁሉም በኪሎ ሜትር 10 ሳንቲም ይክፈል ብንል፣ ሚኒባሱ ባለበት ይቆማል፣ ቪትዟ እጥፍ ትከፍላለች፣ ባጃጇ ከሦስት እጥፍ በላይ ትከፍላለች፣ ላንድክሩዘሩ ግን አንድ ሦስተኛው ይቀነስለታል። ከደሴው ሸዋ በር በባጃጅ ተሳፋሪ የሚያመላልስ ወጣት የላንድክሩዘሩን ባለቤት ይደጉማል ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን እንዳልፈለጉት አምናለሁ፤ ያቀረቡት ሐሳብ ግን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለየተሽከርካሪው በሞተሩ ልክ የተለያየ ተመን እናውጣ ከተባለ ደግሞ፣ በማደያው ቧንቧ ያለ ምንም ድካም ሲሠራ የኖረውን ልኬት በመዝገብና በማኅተም እንደገና መሥራት ይሆናል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው ልተውላቸው የሚገባ ነገር አለ። «ድሀው ያረጀ መኪና ስለሚነዳ ብዙ ነዳጅ ይበላል፣ ስለዚህ የነዳጅ ክፍያ ድሀውን ይጎዳል» የሚለው አባባላቸው በከፊል እውነት ነው። ከእኛ መናኸሪያ የሚወጡት አንዳንድ ሚኒባሶች ዕድሜያቸው ከሾፌራቸው ዕድሜ የሚስተካከል ነው፤ የሚያጨሱትም እንደ ዕድሜያቸው ነው። ነገር ግን በዚህ በኩል የሚጎዳቸው ለመንገድ የሚከፍሉት ሳይሆን የነዳጁ ዋጋ ራሱ ነው፤ ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ የደረሰባቸው ከዚህ ክፍያ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አራተኛው ነጥብ ስለ አሰባሰቡ ነው። ጸሐፊው ጂፒኤስ፣ ስልክና ቴሌብር በየኪሱ ስላለ «አሰባሰቡ በአንድ ጠቅታ ያልቃል» ይላሉ። በመጀመሪያ አሁን ያለው እንዴት እንደሚሰበሰብ እንይ። ነዳጁን ወደ አገር የሚያስገባው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው፤ ክፍያው ነዳጁ ማደያ ከመድረሱ በፊት በዋጋው ውስጥ ገብቷል። መንግሥት የሚጠብቀው አንድ በር ነው። ይህ በር ተዘግቶ በምትኩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪ ለእያንዳንዱ ሒሳብ ሊከፈትለት፣ ሊነበብለት፣ ክፍያ ሊጠየቅ፣ ካልከፈለም ሊከሰስ ነው። ጀርመን የከባድ መኪኖችን የሳተላይት ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2003 ልትጀምር ቀጠሮ ይዛ ቴክኖሎጂው አልያዝ ብሏት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ነው፤ የምታስከፍለው ደግሞ ከባድ መኪኖችን ብቻ ነበር። እኛ ደሴና ኮምቦልቻ ያለን ሰዎች ኔትወርክ ለቀናት ሳይሆን ለወራት ሲጠፋ ያየን ነን። በዚያ ጊዜ ማደያ ነዳጅ እስካለው ድረስ የመንገዱ ክፍያ በሊትሩ ውስጥ ሆኖ ይከፈል ነበር።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ያስቃል፣ ያሳዝናልም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያገለገለ መኪና ሊገዛ ይዞኝ ሄደ። ዳሽቦርዱ 84 ሺህ ኪሎ ሜትር ያሳያል፤ ሻጩም «ሴት ስትነዳት የኖረች ናት» እያለ ይምላል። ባልደረባዬ አጎንብሶ የፍሬን ፔዳሉን አሳየኝ፤ ላዩ ላይ ያለው ጎማ ተበልቶ አልቆ ብረቱ ያብለጨልጫል። እንዲህ ያለ ፔዳል በ84 ሺህ አይበላም። ኪሎ ማስመለስ የሚያውቅ እጅ በየጋራዡ አለ፤ ይህ እጅ እስከ ዛሬ የሚሠራው ለሻጭ ብቻ ነበር። በየኪሎ ሜትሩ ገንዘብ የሚጠየቅ ከሆነ ግን ደንበኛው እያንዳንዱ ባለ መኪና ይሆናል። ስለ ባጃጆቹ ባልናገር ይሻላል፤ ከተሳፈርኩባቸው መካከል የቆጣሪው ዘንግ ከዜሮ ንቅንቅ ሲል ያየሁት ጥቂቱን ነው።

ከቅርብ ጊዜ ልምዳችንም የምንማረው አለ። የነዳጅ ድጎማው ሲነሣ ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ በቴሌብር በኩል በቅናሽ እንዲቀጥል ተደርጎ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ያው ቤንዚን ለአንዱ ሰሌዳ በአንድ ዋጋ፣ ለሌላው ሰሌዳ በሌላ ዋጋ መሸጥ ሲጀምር፣ በቅናሽ የተቀዳው በጀሪካን እየወጣ በሃይላንድ ጠርሙስ በየመንገዱ ዳር ሲቸበቸብ አየን። ለሁሉም አንድ የሆነ ክፍያ የሚሸሸግበት ጥግ የለውም፤ በሰሌዳ የሚለያይ ክፍያ ግን ሰሌዳው ራሱ ሸቀጥ ይሆናል።

ጸሐፊው ጂፒኤስ የሰውን እንቅስቃሴ ስለሚከታተል ሥጋት አለ ለሚሉት የሰጡትን መልስ በአጭሩ አልፈዋለሁ። ኦሪገን እንኳ ለማይፈልግ ሰው ጂፒኤስ የሌለው አማራጭ አቅርባለች፤ እኔ የምለውም ከዚህ በታች እንደሚታየው ጂፒኤስ አይፈልግም።

እንግዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው ይክፈል ካልን፣ በምን ይክፈል? እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እገናኛለሁ፤ በኪሎ ሜትር ይክፈል። ማንኛውም መኪና ቦሎ ለማሳደስ በዓመት አንድ ጊዜ ለምርመራ ይቀርባል፤ መርማሪው መብራቱን፣ ፍሬኑን፣ መሪውን ሲያይ የቆጣሪውን ቁጥር ከአምናው ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን ቢጽፍ የሚጨምረው ድካም የአንድ ደቂቃ ነው። ኒው ዚላንድም ቆጣሪው በየምርመራው እንዲመዘገብ ታደርጋለች። የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ቁጥር ከነዳጆቹ አንጻር ገና ጥቂት ስለሆነ፣ ባለቤቶቻቸውም በአብዛኛው የታወቁ ስለሆኑ፣ ማጭበርበሩ ቢኖር እንኳ የሚያደርሰው ጉዳት ጠባብ ነው። የነዳጁን በር ዘግቶ ሁሉንም ገቢ በቆጣሪ ላይ ከመጣልና ከጎን የምትገኝን ትንሽ ገቢ በቆጣሪ ከመሰብሰብ የትኛው እንደሚያስተማምን ለአንባቢ እተዋለሁ።

እዚህ ጋ አንባቢ ሊይዘኝ ይችላል። ትንሽ መኪና መንገድ ካልሰበረ የኤሌክትሪኳ መኪና ለምን ትከፍላለች? ቅድም ያቆየሁት ውኃ የሚመጣው እዚህ ነው። ክረምት ሲገባ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ መኪና ከባድ ይሁን ቀላል አይጠይቅም፤ የመንገዱን ቦይ ይሞላል፣ የድጋፍ ግንቡን ከሥሩ ይበላል፣ አንዳንዴም አፈሩን ከነ ድንጋዩ አምጥቶ በመንገዱ ላይ ይዘረግፋል። ቦይ የሚጠርገው፣ የተናደውን የሚያነሣው ገንዘብ ከዚያው ከመንገድ ፈንድ ነው። ይህን ዓይነቱን ወጪ በመንገዱ የሚጠቀም ሁሉ ቢጋራው አግባብ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጥቂት ሳንቲም በኪሎ ሜትር ትበቃለች።

ስለ ከባዶቹ ደግሞ ነዳጁ ላይ የሚጨመር ነገር ካለ፣ መጨመር ያለበት በክብደት ነው። በዋና ዋና መንገዶች ላይ የሚዛን ጣቢያ አለን፤ የጭነት መኪና በየአክስሉ ይመዘናል። ትርፍ የጫነው ግን የሚጠየቀው እንደ ደንብ ተላላፊ ነው እንጂ በሰበረው መንገድ ልክ አይደለም። ከተፈቀደው በላይ የተገኘ እያንዳንዱ ቶን በአራተኛው ርቢ ተሰልቶ ለመንገድ ፈንድ ቢገባ፣ የተሳቢ ባለቤቶች የሆኑት የእኛው አባላት መቆጣታቸው አይቀርም፤ የመጀመሪያውን የአቤቱታ ደብዳቤ የምጽፈውም ምናልባት እኔው ነኝ። ቢሆንም ከጸሐፊው ሐሳብ ይልቅ ይህኛው ወደ ፍትሕ ይቀርባል። ስዊዘርላንድ እንኳ ክብደት ስትል የምታስበው የተፈቀደውን ከፍተኛ ክብደት ነው እንጂ በዕለቱ የተጫነውን አይደለም፤ እኛ በሚዛን ጣቢያው በኩል ከእሷ የቀረበ ልኬት በእጃችን አለ።

የመጨረሻውን ነጥብ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ ብያለሁ። ጸሐፊው «በሊትር ውስጥ የተደበቀ ክፍያ ጥያቄ አያስነሣም» ሲሉ እውነት ተናግረዋል። ማደያ ቆሜ አብረውኝ የተሰለፉ ሾፌሮችን ለመንገድ ጥገና ከሊትሩ ስንት እንደሚከፍሉ ጠይቄያለሁ። አንደኛው «ለመንገድ? እኛ የምንከፍለው ለናፍጣ ነው» አለኝ፤ ሌላው ሳቀና ወደ ጉድጓዱ ጠቆመኝ። እኔ ራሴ ደረሰኙን በየቀኑ የምመዘግበው ሰው ቁጥሩን ያገኘሁት ፈልጌ ነው። ይህ ግን የነዳጅ ክፍያን ለመሻር ምክንያት አይሆንም። ክፍያው ዛሬ በስልክ ነው፤ ማረጋገጫውም በመልእክት ይደርሳል። በዚያ መልእክት ላይ ከጠቅላላው ዋጋ በታች አንድ መስመር ብቻ ቢጨመር ይበቃል፦ «ከዚህ ውስጥ ለመንገድ ጥገና የተከፈለ፦ ይህን ያህል ብር።» ሾፌሩ ሐረጎ ላይ ተሳቢ ተከትሎ ሲቆም የሚያነበው ነገር ያገኛል።